ያልተላጨው ማሳ

ሽማግሌው ኒኪፎር ከስንዴው አጨዳ በኋላ ማሳው ላይ የቀረውን ገለባ ለማቃጠል ክብሪቱን ሊጭር ሲል፣ ከእርሻ ኮሌጅ ለእረፍት የመጣችው የሟች ወንድሙ ልጅ ኢሊንካ በዚያ ስታልፍ ድንገት ተገናኙ። በዚያ የሞልዶቫ መንደር ገለባውን አቃጥሎ፣ መሬቱን በጥልቅ አርሶ ጥቁር የማያደርግ ገበሬ «ማሳው ያልተላጨ» እየተባለ ይሾፍበታል። ኒኪፎር ደግሞ ዕድሜ ልኩን ማሳውን ሲላጭ የኖረ ነው! ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ምርቱ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ፤ ከእንግዲህ አንድ ክፉ ዓመት ቢደርስበት ያባቱን መሬት ሊሸጥ ቆርጧል።

«አጎቴ፣ በሞቴ አያቃጥሉት!»

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ኤፍቲሚ እንዲስቅብኝ ነው?» ኤፍቲሚ አፈኛው ጎረቤቱ ነው።

«ይሳቅ! የሚያቃጥሉት እኮ የመሬቱን ስብ ነው። ስንዴው ካርቦኑን ከአየር ስቦ በአገዳውና በሥሩ ለአፈሩ ያመጣለታል። ሲያቃጥሉት ጭስ ሆኖ ይመለሳል፤ በጥልቅ ሲያርሱት ደግሞ አፈር ውስጥ የከረመውም ቀስ በቀስ በንኖ ይጠፋል።»

«እኔ የማውቀው አፈር ነው። ያንቺን ካርቦን የት አይቼው!»

አይፈረድበትም፤ ያላየውን ማን ያምናል? ኢሊንካም ክርክሩን ትታ አንድ ጓል ከማሳው፣ ሌላ ጓል ማረሻ ነክቶት ከማያውቀው ከድንበሩ ዛፍ ሥር አነሳችና ሁለቱንም በኒኪፎር የውሃ ጠርሙስ ሰፊ አፍ ጨመረቻቸው።

«ኧረ የምጠጣውን ውሃ!» ብሎ ጮኸ ኒኪፎር። ወዲያው ግን ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን አየ። የማሳው ጓል ፈርሶ ጭቃ ሆኗል፤ የዛፉ ሥር ጓል እንዳለ ተቀምጧል።

«ሁለቱም የእርስዎ መሬት ነው፤ የዛፉን ሥር ግን እሳትና ማረሻ አልነኩትም። ካርቦን የጠገበ አፈር አይፈርስም፤ ዝናቡን ጠጥቶ ለድርቅ ያስቀምጣል። ገለባውን ይተዉት፣ ሳያገላብጡ በመሃሉ ይዝሩ፣ መሬቱን ራቁቱን አያክርሙት።»

«ወይ ጉዴ! በገዛ እጄ ሳቃጥለው ኖርኩ?» አለ። ክብሪቱን ኪሱ ከተተው።

ክረምቱን ሙሉ ኤፍቲሚ ባገኘው ቁጥር «ምላጭ ላውስህ እንዴ?» እያለ አሳቀበት። በሁለተኛው ዓመት ድርቁ መጣ። የመንደሩ እህል በቁሙ ሲደርቅ የኒኪፎር ማሳ ለምለም ሆኖ ቆመ፤ ገለባው ስር እርጥበት፣ እርጥበቱ ውስጥ የምድር ትል ሞልቶ! መሬት ልሸጥ የሚል ወሬም ከቤቱ ጠፋ።

አንድ ቀን ኤፍቲሚ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በብብቱ ይዞ መጣ።

«እስቲ ያንን የጓል ነገር አሳየኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ኒኪፎር ከት ብሎ ሳቀ። «በመጀመሪያ ምላጭህን ጣል!»

በዚያ ዓመት ከአጨዳ በኋላ በመንደሩ ጭስ አልታየም።