«የወጋሁዎት እኔ ነኝ»

ከደሴ ወደ ሐይቅ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት አጠገቧ የተቀመጡትን የማታውቃቸውን ሽማግሌ ታናግራለች።

«አባባ፣ ግራ እጅዎን ምን ሆነው ነው የታቀፉት?»

«የልቤ ምት እየዘገየ ይጥለኝ ነበር። ምቱን የሚያስተካክል መሣሪያ ደረቴ ውስጥ ቀበሩልኝና እጅህን ወደ ላይ አታንሳ አሉኝ።»

«እናቴም ይህንኑ ልታስገጥም ሆስፒታል ገብታ ነበር።»

«የኔ መጀመሪያ አልሆነም። ከመሣሪያው ወደ ልብ የሚገባው ሽቦ ልቤን ወጋው፤ ዙሪያውን ደም ሞልቶ ራሴን ሳትኩ። ደሙን በመርፌ ስበው ነው ያወጡት።»

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«ራሱ ዶክተሩ። ስነቃ አጠገቤ ተቀምጧል። ‹አባቴ፣ ሽቦውን ሳስገባ የወጋሁዎት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«አውፍ ብያለሁ አልኩት። ሁለተኛም እሱው ነው የገጠመልኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ቤቴ ልገባ ነው። እናትሽስ እንዴት ሆነች?»



«ከገባችበት ክፍል በሕይወት አልወጣችም። ምን ሆና ነው ብለን ስንጠይቅ፣ ‹የእግዜር ሥራ ነው› ብለው ሸኙን።»

«ነፍሷን ይማር። አብሽሪ ልጄ።»

«እኔ እኮ አባባ፣ የሚነግረኝ ባገኝ ይቅር እል ነበር።»

መውረጃዬ ደርሶ አለፈ፤ እኔ ግን ንግግራቸውን አቋርጬ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።