ጋሽ ደሞዜ ካሮት ያረሙ ዕለት

መስቀል አልፎ ሰማዩ በጠራበት ሰሞን፣ ጋሽ ደሞዜ ከመርሳ ገበያ ሲመለሱ ጎረቤታቸውን መምህር ደጀንን መንገድ ላይ አገኙት። ደጀን በአንድ እጁ የፓፓያ ችግኝ፣ በሌላው የአትክልት ውሃ ማጠጫ አንጠልጥሏል። ጋሽ ደሞዜ ክው አሉ። ወንድ ልጅ፣ ያውም የተማረ፣ ያውም በገበያ ቀን፣ ማጠጫ ይዞ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማህሌት አመማት እንዴ?»

«ኧረ ሚስቴስ ደህና ናት። ምነው?»

«ማጠጫውን አንተ ይዘኸው ባይ ነዋ።»

ደጀን ሳቀ። ጋሽ ደሞዜ ግን የምራቸውን ነበር። ልጆቻቸው ከሐራ ወደ መርሳ እስኪያመጧቸው ድረስ ዕድሜያቸውን በሙሉ አርሰዋል። አሁን በሬም ማሳም የለም። ጠዋት ከቤት ይወጡና በራቸው ላይ ካለችው ድንጋይ ቁጭ ይላሉ፤ ማታ ከድንጋዩ ይነሱና ይገባሉ። ጓሮው ግን የባለቤታቸው የእትዬ አማከለች ነው። ማሳ የወንድ፣ ጓሮ የሴት ሆኖ ስላደጉ፣ ጎመን ሲኮተኩቱ ከመታየት ድንጋዩ ላይ መድረቅ ይሻላቸዋል።

«ጋሼ፣ እኔና ማህሌት በወጉ የምንገናኘው ጓሮ ስንገባ ነው» አለ ደጀን፤ እየተከተላቸው። «ቤት ውስጥ እኔ ስልኬን፣ እሷ ስልኳን ነው የምናየው። መደብ ስንኮተኩት ግን ወሬው አያልቅም። ትናንት የዶሮ ቤት ስንሠራ ምስማሩን እያጣመምኩ ሳስቸግር፣ ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ።»

«ሚስትህ ስትስቅብህ ነው ደስ የሚልህ?»

«እሷ ስትስቅ ደስ ይለኛል።»

«እንግዲህ ትምህርት እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ እንኳን አልተማርኩ። ሞፈር የጨበጠ እጅ ሰላጣ አይኮተኩትም ልጄ።»

ደጀን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ አማከለች ወልዲያ ሊሄዱ ነው አሉ።»

«ልጃችን እየሩሳሌም ጋ ነው፤ ልትጠይቃት።»

«ለጥየቃ የሚሄድ ሰው ድስቱን ያሽጋል እንዴ ጋሼ?»

ጋሽ ደሞዜ ቆሙ። ደጀን ሚስቱ የነገረችውን እያፈረ ተናገረ። እትዬ አማከለች «እሱ በደጅ፣ እኔ በጓሮ፤ ለዚህ ለዚህማ ወልዲያ ብሆን ምን ልዩነት አለው» ብለዋታል። ጋሽ ደሞዜ እርምጃቸውን አፍጥነው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እትዬ አማከለች ለቅሶ ሄደዋል። ድስቷ እውነትም በማዳበሪያ ታስራ ከበሩ ሥር ተቀምጣለች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ድስቷን ዳሰሱ። ያለዚች ሴት አንድ ቀን እንኳ አድረው አያውቁም፤ ያለሷ እንዴት እንደሚኖርም አያውቁም። መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ፣ በሩን ዘጉ፣ ኩታቸውን አውልቀው ጓሮ ገቡ። መደቡ አረም በአረም ነው። ደስ አላቸው። ማረምማ ማን ይችላቸዋል።

እትዬ አማከለች ሲመለሱ ባላቸው ላብ በላብ ሆነው፣ እንደ ሙሽራ ኮራ ብለው ቆመው ነበር።

«ደሞዜ፣ ካሮቴስ?»

«የቱ ካሮት?»

«ይሄ ነቅለህ የከመርከው።»

«ይሄማ አረም ነው።»

«ሰላጣዬስ?»

ጋሽ ደሞዜ ክምሩን አዩ። «እሱም... አረም መስሎኝ።»

«ታዲያ ይሄን ምነው ተውከው? አፈርም አስታቅፈኸዋል።»

«ማሽላ እኮ ነው አማከለች! ማሽላ ይነቀላል?»

«ለዶሮ የበተንኩት ነው የበቀለው።»

ጋሽ ደሞዜ ቁጣውን አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ቁጣው አልመጣም። ቀና ሲሉ እትዬ አማከለች መደቡ ዳር ተቀምጠው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። መርሳ ከመጡ ወዲህ ይህን ሳቅ አልሰሙትም ነበር። ደጀን መንገድ ላይ ያላቸው ያን ጊዜ ገባቸው።

«አማከለች፣ አትሂጂብኝ» አሉ።

«ጓሮዬን ላንተ ጥዬ? ስመለስ የማሽላ ማሳ ላገኝ?» አሉ እትዬ አማከለች እንባቸውን እየጠረጉ። ማታውኑ ድስቷ ተፈታች።

በነጋታው ማህሌት የካሮትና የሰላጣ ዘር ሰጠቻቸው። ሽማግሌው መስመሩን እንደ ትልም ቀጥ አድርገው አወጡ፤ ባለቤታቸው ዘሩን እየነሰነሱ ተከተሉ። የበሩም ድንጋይ ተንከባሎ ጓሮ ገባ፤ ሲደክማቸው ሁለቱም ይቀመጡበታል።

ካሮቱ ብቅ ባለ ሰሞን አቶ በላይ፣ የጥንት ባልንጀራቸው፣ ከሐራ መጡ። ደጅ ቢያዩ ድንጋዩም ሰውየውም የሉም። ጓሮ ዘልቀው ጋሽ ደሞዜን ማጠጫ ይዘው አገኟቸው።

«ምነው ደሞዜ፣ አማከለችን አመማት?»

ጋሽ ደሞዜ ያቺን ጥያቄ ያውቋታል። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ፤ ማጠጫውን ግን አላስቀመጡም።

«ደህና ናት። እንግዲህ ስማኝ በላይ። ጎመኑን ከጓሯችን ቀጥፈን ትኩሱን እንበላለን። ድንጋይ ላይ ተጎልቼ የደረቀው ወገቤ ተፍታታ። እንቅልፍ እንደሆን፣ ጎኔ መኝታ ከነካ አበቃ። ይህን ሁሉ ተወው። አብረን ስንሠራ እናወራለን፤ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ስኖር ያልነገረችኝ ስንት ነገር ነበራት መሰለህ። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ሚስቴ ትስቃለች።»

«ባንተ?»

«በማን ትሳቅ ታዲያ?»

ይህን ያሉት፣ ከአጥሩ ወዲያ ደጀን እየሰማ መሆኑን ሳያውቁ ነው። እሱም ጨዋ ልጅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አላነሳባቸውም፤ ለማህሌት ብቻ ነገራት። እትዬ አማከለችም የእንግዳ ድምፅ ሰምተው ከቤት ወደ ጓሮ ወጡ።

አቶ በላይ ነገሩ ባይዋጥላቸውም የወዳጃቸውን ድካም ሊያቃልሉ ፈለጉ። ጎንበስ አሉ። «ግን አረሙ በዝቷል፤ ይሄን ልንቀልልህ» ብለው አንዷን ቀጭን ቅጠል ያዙ።

«ተው፣ ካሮት ናት!» አሉ ባልና ሚስት በአንድ አፍ።