ተራ የማይጠብቁት ሦስት ሰርቨሮች

አጎትየው ደረጃውን እያለከለኩ ሲወርዱ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተላተሙ። ልጅቷ የኔትወርክ ትምህርቷን ጨርሳ ገና መመለሷ ነው።

«ኧረ አጎቴ፣ ቀስ ይበሉ! ማን አባረረዎት?»

«የትምህርት ቤቱን መጽሔት የምታሳትመው መምህር ናታ! የመጽሔቱን ናሙና እስከ ምሳ ድረስ ካላየሁ ሥራዬን ለሌላ ማተሚያ ቤት እሰጣለሁ አለችኝ። የናሙናው ተራ ደግሞ ማታ ነው።»

ሰፈሩ «ጋሼ ተራ በተራ» የሚላቸው ወዶ አይደለም። ማተሚያ ቤታቸው ውስጥ ሰርቨር የሚባሉ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዱ ትዕዛዝ ይቀበላል፣ አንዱ የደንበኞችን ፎቶ ያስቀምጣል፣ ሦስተኛው ሥራው ከመታተሙ በፊት ናሙናውን ያሳያል። የኢንተርኔት አድራሻቸው ግን አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ኢንተርኔት ከሚያስገባው ሳጥን፣ ከራውተሩ፣ የሚወጣውን ገመድ ትዕዛዙ ላይ ይሰካሉ፣ ከምሳ በኋላ ነቅለው ፎቶው ላይ፣ ማታ ናሙናው ላይ።

«እና አሁኑኑ ናሙናው ላይ አይሰኩትም?»

«ትዕዛዙን ማን ይቀበል? ሰው ሁሉ የሚልከው ጠዋት ነው እኮ! ይልቅ ሁለት መስመር እንዲጨምሩልኝ ኢንተርኔት ቢሮ ልሂድ።»

«እነሱ እስኪጨምሩልዎት መጽሔቱ ታትሞ ተነቦ ያልቃል። አጎቴ፣ ይሄ ሕንፃ ስንት በር አለው?»

«አንድ።»

«የጥርስ ሐኪሙ ጋ የሚመጣ ሰው ታዲያ ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን እስክትጨርስ ውጭ ይቆማል?»

«ምን በወጣው! ጥርሱን ይዞ?»

«አዩ! የቢሮ ቁጥር ይናገራል፣ ጥበቃው ያሳልፈዋል። ራውተሩም እንደዚያ ነው። አድራሻው አንድ ቢሆንም ፖርት የሚባሉ ቁጥሮች አሉት። በዚህ ቁጥር የመጣውን ወደ ትዕዛዙ፣ በዚያኛው የመጣውን ወደ ናሙናው አስተላልፍ እንለዋለን። ፖርት ፎርዋርዲንግ ማለት ይሄው ነው።»

አጎትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ በወሬ አትሸውጂኝ። አንዴ ሁለቱን አንድ ላይ ብሰካቸው ሁለቱም ደነበሩ!»

ልጅቷ ወደ ማተሚያ ቤቱ ወጥታ ሰርቨሮቹን አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አጎቴ! ራውተሩ የሚለያቸውን የውስጥ ቁጥር ለሦስቱም አንድ አድርገው ሰጥተዋቸዋላ! ሦስት ቢሮ አንድ ቁጥር ቢለጠፍበት ጥበቃው እንግዳውን የት ይውሰደው?»

«ገመዱን ሳዘዋውር እንዳይቸግረኝ ብዬ ነው!» አሉ አፈር ብለው። ወዲያው ግን ነቃ አሉ። «ሦስት ቁጥር ከተከፈተ ሌባስ?»

«ራውተሩ ያላዘዝነውን ቁጥር አይከፍትም። የከፈትነውም ጠንካራ የይለፍ ቃል ይኖረዋል። የራስዎን ስም ግን የይለፍ ቃል አያድርጉ።»

«በምን አወቅሽ?»

«አጎቴ አይደሉ?»

ለየሰርቨሩ የማይቀያየር የውስጥ ቁጥር ሰጠች፣ ሦስቱንም ራውተሩ ላይ ሰካች፣ ፖርቶቹን አንድ በአንድ አስተላለፈች። አድራሻውን ከናሙናው የፖርት ቁጥር ጋር ለመምህሯ ላኩላት። ከዚያ አጎትየው ስልኩን እንደ ታመመ ሰው እያዩ ቆሙ። ምሳ ሰዓት ቀርቧል። ያቺ ደንበኛ ከሄደች ሌሎቹም ትምህርት ቤቶች ተከትለዋት ይሄዳሉ።

ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ! ሽፋኑ ላይ የርዕሰ መምህሩን ፎቶ ዘቅዝቃችሁታል!»

«አየሽው?» አሉ አጎትየው በደስታ።

«እንዴት አላይም! አሁኑኑ አስተካክሉልኝ። ከዚያ ይታተም።»

ሰውዬው ሲቆጧቸው እንዲህ ፈክተው አያውቁም። ዘወር ሲሉ ደግሞ፣ መምህሯ ናሙናውን እያየች ሳለ በትዕዛዙ ሰርቨር ሁለት አዲስ ሥራ ገብቷል። የፎቶ ደንበኛም ያለ ማንም እርዳታ ፎቶውን እየወሰደ ነው።

ጥቅሙ ይሄ ነው እንግዲህ ወገኖቼ! ደንበኛ ደጅ አይጠናም፣ ማሽን ሥራ ፈቶ አይውልም፣ ያለው መስመር ለሁሉም ይበቃል። ቁጥሩን ለይቶ መስጠት፣ የማያስፈልገውን ዘግቶ መተው፣ በቃ። ያልገባንን ነገር ከልጅ መጠየቅም ከክብራችን ምንም አይቀንስም።

ከሰዓት በኋላ የሌላ ማተሚያ ቤት ባለቤት የሆነ ጓደኛቸው ሲደውል፣ አጎትየው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል።

«ምን? አንተ እስካሁን ገመድ ነቅለህ ትሰካለህ?» አሉት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ወንድሜ፣ በየትኛው ዘመን ነው ያለኸው? ና፣ እኛ ጋ ና፣ ልጄ ታሳይሃለች!»