ዋልካው እስኪጠና

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ ጥቂት ባባራበት ጠዋት፣ ከገበያው መንደር አድሬ ወደ ትምህርት ቤቴ ስመለስ በኦሶይት ሜዳ ጫፍ ላይ መንገዱ ተዘግቶ አገኘሁት። የዘጋው ጎርፍ አልነበረም፤ አንዲት ልጃገረድ ነበረች።

ልጅቱ ናሙንያክ ትባላለች። በከተማ ኮሌጅ ስለ ግጦሽና ስለ አፈር ተምራ በቅርቡ የተመለሰች ናት። እጆቿን ዘርግታ በአጎቷ በሽማግሌው በማቱንጌ መንጋ ፊት ተገትራለች። ማቱንጌ ዘንጉን በትከሻው አጋድሞ ቆሟል፤ ባለቃጭሉ ቀይ በሬው ከኋላው ሆኖ ያናፋል። ድርቁ ብዙ ቆይቶ ስለነበር የከብቶቹ ጎድን ከሩቅ ይታያል።

ከማቱንጌ ጋር “ፓኬር” እንባባላለን። በእኛ በማሳዮች ዘንድ በግ የሰጠና በግ የተቀበለ ከዚያ ወዲያ በስም አይጠራራም።

“ፓኬር! በሰዓቱ ደረስህ” አለኝ። “ይህችን ልጅ ፊደል ያስቆጠርሃት አንተ አይደለህም? ና እንግዲህ፣ የዘራኸውን እጨደው!”

“ምን አጠፋች ፓኬር?”

“እንደ እሾህ አጥር ተገትራ ከብቶቼን ከገዛ ሜዳቸው ከለከለቻቸዋ!”

ናሙንያክ እንደ ደንቡ አንገቷን ደፋችልኝ፤ እኔም መዳፌን በራሷ ላይ አሳረፍሁ። እጆቿን ግን ያን ጊዜም አላጠፈችም።

“አባባ፣ ሜዳውን ይተዉት አላልኩም” አለች በትሕትና። “ዋልካው እስኪጠና ብቻ ይታገሡ። እስከዚያ ከብቶቹ በጭንጫው ተረተር ይሰማሩ። እዚያ ውሃው ቶሎ ይወርዳል፣ ኮቴም አይሰምጥም።”

“ተረተሩ ላይ ምን አለ? ድንጋይ! ከብቶቼን ፍየል አደረግሻቸው እኮ!”

“ሣሩ አጭር ቢሆንም ብቅ ብሏል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።”

“ስሚ ልጄ። አባቴ ዝናብ በጣለ ማግሥት ወደ ኦሶይት ይነዳ ነበር። የአባቴም አባት እንዲሁ። ኮሌጅ ስላልገቡ ከብታቸው አለቀ?”

“አላለቀም አባባ። እነሱ ግን ጥቂት አግጠው ሩቅ አገር ይሄዱ ነበር፤ ሜዳው እፎይ ይል ነበር። ዛሬ በስተምሥራቅ አጥር፣ በስተምዕራብ እርሻ ነው። ለየቤተሰቡ ከተከፋፈለው ድርሻ በቀር የት እንሄዳለን?”

ይህ ንግግሯ እኔን ነካኝ። ልማድ የሚበጀው የወለደው ዘመን እስካለ ድረስ ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ ሳለ እንደ መንገደኛ መኖር አይቻልም። ማቱንጌ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም።

“ሜዳው ሰፊ ነው” አለ፣ በዘንጉ ዳር እስከ ዳር እያሳየ። “ዓይን አይጨርሰውም!”

“ስፋቱን አልጠየቅኩም፣ ጥልቀቱን ነው።”

“የምን ጥልቀት? መሬት መሬት ነው፤ ታች የለውም።”

በዚህ መካከል ጫጫታውን የሰማችው ሚስቱ ንጎቶ ሌማያን፣ የሌማያን እናት ማለት ነው፣ ከቤቷ ወጥታ መጣች። ናሙንያክም “እማማ፣ እባክዎ ድጅኖ ይስጡን” አለቻት። ድጅኖው መጣና ቁፋሮው ለእኔ ተሰጠኝ። የላዩ ጭቃ እንደ ሊጥ ብረቱ ላይ እየተጠመጠመ አስቸገረኝ፤ ገና ክንድ ሳልሞላ ግን፣ ኳ! አለ።

“ድንጋይ ገጥሞህ ነው፤ ወዲያ በል” አለ ማቱንጌ።

ወዲያ አልኩ። ኳ!

“አምጣው! አንተ ጠመኔ እንጂ ድጅኖ መች ታውቃለህ” ብሎ ነጠቀኝና ከሁለቱም ጉድጓዶች ርቆ ሄዶ በሙሉ ኃይሉ ወጋው። ኳ! ብሎ እስከ ትከሻው አንዘረዘረው።

“አባባ፣ ከሥር ያለው አለት ነው” አለች ናሙንያክ። “ጥንት ተራራው ቀልጦ ሲፈስ እዚህ የረጋው እሳት ነው። የእኛ አፈር በአለቱ ላይ እንደ ተነጠፈ ስስ ቁርበት ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ባያውቁ ሜዳውን ኦሶይት፣ ድንጋይ፣ ብለው ይጠሩት ነበር? ውሃው አለቱን አይበሳም፤ ዋልካውም እብጥ ብሎ ቀዳዳውን ይደፍናል። ስለዚህ ውሃው ከላይ ይተኛል።”

“ይተኛ! ላሜ የምትበላው ሣር ነው፤ ሥር አትበላም።”

“ሥሩ ሲረገጥስ? ሥሩም እኮ መሄጃ የለውም፤ ያለው በዚች ክንድ ውስጥ ነው።”

“ብትረግጠው ምን ትጎዳዋለች? እኔ አልተራመድኩበትም? እዪ!” አለና በበረባሶው ወደ ሜዳው ገባ።

አገባቡስ የጀግና ነበር። በየእርምጃው ግን ዋልካው ከበረባሶው ሥር እየተደራረበ ማቱንጌ ዓይናችን እያየ ረዘመ። ጥቂት እንደ ሄደ አንዱ እግሩ ቀረ፤ እሱን አወጣለሁ ሲል ሌላው ሰመጠ። ዘንጉን ቢተክል ዘንጉም አልነቀል አለ።

“የሌማያን አባት” አለች ሚስቱ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ “እዚያው በቀልክ እንዴ? ዝናብ ነውና ታፈራልን ይሆናል!”

“አንቺ ሴትዮ፣ አትሳቂ! ፓኬር፣ ጎትተኝ እንጂ!”

ከናሙንያክ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን ነቀልነው። አንድ በረባሶው እዚያው ቀረ። ማቱንጌ ለመቆጣት ከንፈሩን ቢነክስም ሳቁ አምልጦት ወጣ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ናሙንያክ ግን ወደ ረገጠበት እያመለከተች፣ “ይመልከቱ አባባ” አለች። እግሩ የወጣበት ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ቋጥሯል፤ የሣሩ ሥር ተነቅሎ ከላይ ተንሳፍፏል።

“ይህ የአንድ ሰው እግር ነው። የመንጋው ሁሉ ኮቴ ሲያቦካው፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ጡብ ይጋገራል። ዘሩ ሰብሮ አይወጣም። መሬቱ ሲራቆት ደግሞ ጎርፍ ቁርበቱን ጠቅልሎት ይሄዳል።” ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ከዚያ ከሚታየው ኩሬ ማዶ ያለው ራቁት አለት በወጣትነትዎ ምን ነበር?” አለችው።

ማቱንጌ ወደ ኩሬው ማዶ አየ።

“ሣር ነበር” አለ። “እስከ ጉልበቴ። ከዕድሜ እኩዮቼ ጋር የጨፈርነው እዚያ ነው። ስንዘል ስንወርድ ሣሩ ከሥራችን እንደ ፍራሽ ነበር። እኔ እኮ... እግዜር ተቆጥቶን መስሎኝ ነበር።”

“የረገጥነው እኛ ነን አባባ።”

ሽማግሌው ዘንጉን ካጣበቀው ጭቃ ነቀለና ቀዩን በሬ በስሙ ጠርቶ ወደ ተረተሩ አዞረው። ከብቶቹም ቃጭሉን እየሰሙ ተከተሉት።

ከዚያ ወዲያ የመንደሩ ሰው መዘባበቻ አደረገው። “ማቱንጌ ለግጦሽ ከወንድሙ ልጅ ፈቃድ ይጠይቃል” ይሉት ነበር። እሱ ግን በየጠዋቱ አህያይቱን በድርሻው ዳር ያሳልፋታል፤ ኮቴዋ ከሰመጠ ይመለሳል። አንድ ቀን አህያይቱ ዱካዋ እንኳ ሳይታይ አለፈች፤ ያን ቀን መንጋው ገባ። ያን ጊዜም ቢሆን ሣሩን እስከ ሥሩ አላስጨረሰውም፤ ከፊሉን ዘር እስኪጥል ከለለው።

በጋው ሲከርር የሌሎቹ ድርሻ የጥጃ እግር በሚውጥ ስንጥቅ ተተረተረ፤ ከብቶቻቸውንም ይዘው ለመሰደድ ተገደዱ። የማቱንጌ ላሞች ግን እቤታቸው እየዋሉ ታለቡ። ንጎቶ ሌማያንም ከቅሏ እየቀዳች ለጎረቤት ልጆች ወተት ታድል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከሾላው ሥር በተሰበሰቡ ጊዜ ሌንቱላ የሚባለው አፈ ስል ተነሣ። “አንተ ማቱንጌ፣ በሜዳህ ምን መድኃኒት ቀበርክበት?”

“ትዕግሥት” አለ ማቱንጌ። “ውሃው ሲተኛ አልረገጥኩትም። ስላልረገጥኩት ሥሩ ተረፈ፤ ሥሩ አፈሩን ያዘው። ሣሩ ዘር ስለጣለ ለመጪው ዓመትም አለኝ። ላሜ ታለበች፣ ጥጃዬ አልሞተም፣ ልጄ ትምህርቱን ትቶ ከብት ተከትሎ አልተሰደደም። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?”

“ሴት ልጅ ከለከለችው ይባላል!” አለ ሌንቱላ፤ ሰዎቹም ሳቁ።

“አዎ፣ ሴት ልጅ ከለከለችኝ። እናንተን ማን ይከልክላችሁ? ረሃብ?”

ሳቁ ቆመ። ናሙንያክ በመካከላቸው ቆማ እንድትናገር የተጠራችውም ያን ዕለት ነው።

በሚቀጥለው ዝናብ የመንደሩ መንጋ በሙሉ በተረተሩ ላይ ነበር። ቃጭሉ ከድንጋይ ድንጋይ ያስተጋባል፤ ልጃገረዶቹ ይዘፍናሉ፤ ከታች ኦሶይት ማንም ሳይረግጠው እርጥቡን ዘርግቶ ያበራል። አንባቢዬ ሆይ፣ ምድር እንጀራችንን የምትሰጠን በአቅሟ ልክ ነው። አቅሟን ያወቀ ይጠግባል፤ በስፋቷ የተታለለ ግን ለልጁ አለት ያወርሳል።

ሰማዩ ከጠራ ከጥቂት ቀን በኋላ ናሙንያክ ሜዳውን ዞራ አይታ በደስታ እየሮጠች መጣች።

“አባባ፣ ጠንቷል! አሁን መግባት ይቻላል!”

ማቱንጌ ጎንበስ ብሎ ዋልካውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ አፈሰውና በመዳፉ አሸው። ሽማግሌዎቹ ከበው ጠበቁት።

“አልጠናም” አለ ቀና ብሎ። “ነገ ደግሞ እናየዋለን። እናንተ ወጣቶች ስትባሉ መቼም ትዕግሥት የላችሁ!”