ለጣራ የተጠራቀመ ጆንያ

ይኼን የጆንያ ክምር ለምን አትሸጠውም ትሉኛላችሁ። እዚህ በስደት ሱቅ የከፈትኩበት ሰፈር፣ አይቮሪ ፓርክ፣ ከሱቄ ዱቄት የምትገዛ አንዲት ሞዛምቢካዊት አለች። በየዓመቱ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሳይገባ ባዶ ጆንያ ትለምነኛለች። አገሯ፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ የምትኖረው እናቷ አሸዋ ትሞላበትና ቆርቆሮው እንዳይገነጠል ጣራዋ ላይ ትጭነዋለች። ዘንድሮ ስትመጣ እጄ ላይ የነበረው ጥቂት ነው። መስጠት ካልቀረ በርከት ይበል ብዬ፣ «ቆይ ማማ፣ ይጠራቀምልሽ» አልኳት። «ማይ ፍሬንድ፣ ነፋሱ እኮ አይጠብቀኝም» አለች። ሳቄ መጣ።

ክምሩ በሩን ሲሞላ ደስ ብሎኝ አስጠራኋት። ቆማ አየችው፣ አየችውና፣ «ጣራውን ነፋሱ ወሰደው» አለችኝ። «እናትሽስ?» አልኳት እንደምንም። «ቤተ ክርስቲያን ተጠልላለች» አለችና ከክምሩ አንዱን አንስታ አራገፈችው። «ይኼ ይበቃኛል። የምልክላትን ልብስ እከትበታለሁ።»