ለጥቂት ያመለጠው ቁጥርና መምህር ይድነቃቸው

መምህር ይድነቃቸው ገብረመድህንን ለመሸኘት ከናይሮቢ ሰፈሮች ከኪሊማኒም ከኢስትሊም የመጣችሁ ወገኖች ሆይ፣ የእኚህ ሰው ሕይወት እንዲህ ነበረ።

ከአባታቸው ከአቶ ገብረመድህን ይገዙና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበሩ በ1962 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ተወለዱ። አባታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበሩ፣ መምህር ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የታርጋ ቁጥር እያዩ «ይኼ ሙሉ፣ ያ ጎዶሎ» ይሉ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ውዴ ዛሬም ያወሳሉ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብ ሲያጠኑ፣ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው መልሰው ራሱን የሚሰጡት ቁጥር ፍጹም እንደሚባል፣ የታወቁት ፍጹማን ሁሉ ለሁለት እኩል የሚካፈሉ ሙሉ ቁጥሮች እንደሆኑ፣ ጎዶሎ ፍጹም ግን ይኑር አይኑር የሚያውቅ እንደሌለ ተማሩ። ከብዙ ድካም በኋላም 198,585,576,189ን በሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ከአካፋዮቹ አንዱን 22,021ን ከአንድና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል ብቸኛ ቁጥር ነው ብለው ወስደው፣ «ጎዶሎው ፍጹም ይኸው!» ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ተማሪ «22,021 እኮ በ19 ይካፈላል» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ እርሳቸው ግን ሰሌዳውን ትተው የተማሪዋን ስም ጠየቁ። ወይዘሮ ሮሃ ነበሩ። በ1990 ዓ.ም. ተጋብተው ልጃቸውን ሠርክን ወለዱ።

በ2001 ዓ.ም. በናይሮቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሲቀጥራቸው ቤተሰቡ ሊከተላቸው ታስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን የወይዘሮ ሮሃ እናት በስትሮክ ተመትተው አልጋ ላይ ቀሩ፤ ሌላ ጧሪም አልነበራቸውምና ባለቤታቸው ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ቀሩ። «ለአንድ ዓመት» የተባለው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ እየተመላለሱ፣ ኪሊማኒ የተከራዩትን ሁለተኛ ክፍል ደባል እንዲያስገቡበት ቢመከሩም «ባለቤት አለው» እያሉ፣ ከወይዘሮ ሮሃ ጋር ሲነጋገሩ መስመር ተቋርጦ እንኳ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ኖሩ።

ያንን ለጥቂት ፍጹም ሳይሆን የቀረውን ቁጥር በየዓመቱ ያስተምሩት ነበር። ተማሪዎቻቸው በስዋሂሊ «መምህር» ለማለት «ሙዋሊሙ፣ ፍጹም ካልሆነ ለምን እንማረዋለን?» ሲሏቸው፣ «እንዴት እንደተቃረበ እዩት እንጂ! የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው» ይሉና ወደ መስኮቱ ይዞሩ ነበር።

አማታቸው አርፈው፣ በ2012 ዓ.ም. መባቻ ወይዘሮ ሮሃና ሠርክ ሲመጡ፣ አውሮፕላኑ ማታ የሚገባ ሆኖ ሳለ መምህር ከጠዋት ጀምሮ ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው ጠበቁ። አብረው በኖሩባቸው ስድስት ዓመታት ባለቤታቸው ገበያ ሄደው ሲዘገዩ እንኳ በር ላይ ወጥተው የሚጠብቁ ሆኑ፤ የመለያየት ልማድ ከሰውነታቸው አልወጣም ነበርና።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በጥር ወር 2018 ዓ.ም.፣ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው «ሮሃ፣ ዛሬ ወዴትም እንዳትሄጂ» ብለው እንዳሸለቡ አረፉ። ወይዘሮ ሮሃም አልሄዱም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮሃ፣ ልጃቸው ሠርክ፣ እህታቸው ወይዘሮ ውዴና ያስተማሯቸው ሁሉ ዛሬ በሐዘን ላይ ናቸው። አምላካችን የመምህርን ነፍስ መለያየት በሌለበት ሀገር ያኑርልን፤ ለቀሩትም ናፍቆቱን የሚችሉበትን ጉልበት ይስጥልን። አሜን።