በጭምብሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች

አቶ ሉልሰገድ ፒያሳ ውስጥ አርባ ዓመት ወርቅ ሲያቀልጡ የኖሩ አንጥረኛ ናቸው። የከሰሉ ጭስና ሲጋራው ተባብረው የሳንባቸውን ቧንቧዎች አጥብበውባቸዋል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የአፍንጮ በርን ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ አጥሯቸው ግንብ ተደግፈው ሳለ፣ የጎረቤታቸው የአብዱልሃኪም ልጅ ሰልዋ ደረሰች። ሰልዋ የሳንባ ሕሙማንን የምትንከባከብ ነርስ ናት።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ያዘዘልዎትን የመተንፈሻ መሣሪያ ጀመሩት?»

«ካርቶኑንም አልፈታሁት። ጓደኛዬን ገብረዮሐንስን ሆስፒታል መሣሪያ ባደረጉለት በሦስተኛው ቀን አይደል የቀበርነው?»

«እሳቸው ሆስፒታል የገቡት በጣም ከዘገዩ በኋላ ነው።»

እውነቷን ነው፤ ብዙዎቻችን ሕመምተኛውን ዘግይተን እያደረስን መሣሪያውን ገዳይ እናደርገዋለን።

ደግፋ ቤት አደረሰቻቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ ካርቶኑን አመጡ። አንጥረኛው እንቢ ቢሉም ዓይናቸው አላስችል አላቸው። ካርቶኑን ፈትተው፣ አፍና አፍንጫ ላይ የሚደረገውን ጭምብል አንሥተው ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ይኸው! የተበሳሳ ዕቃ ነው የሰጡኝ።»

«እንዳይደፍኑት!» አለች ሰልዋ እየሳቀች። «ቧንቧዎ ስለጠበበ የተቃጠለው አየር በደንብ አይወጣም፤ ደምዎ ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት ራስዎን የሚያምዎት በእሱ ነው። መሣሪያው ወደ ውስጥ ሲስቡ ገፋ አድርጎ ያግዝዎታል፣ ሲያስወጡ ላላ ይልልዎታል። የወጣው አየር በእነዚህ ቀዳዳዎች ይሄዳል።»

«ጉሮሮዬ ውስጥ የሚከቱት ቱቦስ?»

«ለዚህኛው ቱቦ አያስፈልግም። ውኃ ሲጠማዎት አውልቀው ይጠጣሉ።»

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ወዲያው ያወልቁታል።»

«ሳንባዬ ለምዶ ቢሰንፍብኝስ?»

«ቀኑን ሙሉ ሲታገል የዋለ ጡንቻ ተኝተው ሳሉ ቢታገዝ፣ ይበረታል እንጂ ይሰንፋል?»

ሰልዋ መሣሪያውን አስነሥታ ጭምብሉን ፊታቸው ላይ አደረገችላቸው። መጀመሪያ ደንግጠው አወለቁት። በሦስተኛው ሙከራ ግን ትከሻቸው ወረድ አለ፤ አንድ ሰው ከጎናቸው ሆኖ ሸክም ያቀለለላቸው መሰላቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ሰልዋ ልትጠይቃቸው መጣች። በሽታው አልተነቀለም። ነገር ግን የጠዋቱ ራስ ምታት ጠፍቷል፣ ቁጭ ብለው ማንቀላፋቱ ቀርቷል፣ ሲጋራውንም ትተዋል።

«እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አለቻቸው ሰልዋ ወይዘሮ ሙሉነሽን።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ባላቸውን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ትንፋሹ ቢቆምስ እያልኩ ጆሮዬን ጥዬ ነበር የማድረው። ልጄ፣ አሁን እኔም እተኛለሁ።»